ለአምስት ደቂቃ ነው

ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ደረጃው አደከመሽ አይደል? አራተኛ ፎቅ ቀልድ አይደለም። ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ዛሬ ይሠራል ነገ ይሠራል ሲሉን እኛም በእግራችን አመንን። ወንድም ጋሼ፣ እርስዎም ይግቡ እንጂ። እርስዎን እንኳ ግቡ ማለት ትርፍ ነው፤ ቤቱን ከኔ ይልቅ ያውቁታል። እዚያው መስኮቱ ሥር፣ እንደለመዱት። ትራሷን ከጀርባዎ ያድርጓት። ሻዩ ፈልቷል… ስኳር ስንት ልጨምርልሽ? ምንም? አይ የዛሬ ልጆች፣ ስኳር እንደ እባብ ትፈራላችሁ። የወንድም ጋሼ ሦስት ማንኪያ ነው፤ አልረሳሁም። እንዴት ተብሎ ይረሳል?

የመጣችሁት ለቅዳሜው ነው፣ አውቄያለሁ፤ በስልክ ነግረሽኛል። የባሌ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ሲመረቅ ፊት ወንበር ላይ እንድቀመጥ፣ ከተመቸኝም እንደ ባለቤትነቴ ሁለት ቃል እንድናገር። እናገራለሁ፣ ለምን አልናገርም? ቆይ መጀመሪያ ሻይሽን ጠጪ።

መጽሐፉን አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። ሠላሳ ዓመት መድኃኒት ቤት ቆሜ የሐኪም ጽሑፍ ያነበብኩ ሰው ነኝ፤ የማይነበብ ነገር አያስፈራኝም። ስድስት መቶ ገጽ! አርታኢዋ አንቺ ነሽ አሉኝ፤ እጅሽ ይባረክ፣ ስንት ሌት ተቀምጠሽበት ይሆን። ጸሐፊውማ… ስለ ጸሐፊው ምን እላለሁ፣ ፊታቸው ተቀምጬ ባመሰግናቸው ያፍራሉ። «የታላቁ ደራሲ ውስጣዊ ትግል» ተብሎ በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል። እኔ ውጪውን ብቻ ሳጥብና ስተኩስ ኖሬ፣ ውስጡን ሌላ ሰው እንዲህ አብጠርጥሮ ያውቀው ነበር ለካ። ከባለቤቱ ያወቀ… ምን ነበር የሚባለው? አይ እርጅና። ከባለቤቱ ያወቀ ሊቅ ነው፤ እንደዚያ ነው መሰለኝ።

ያልተጻፈ ነገር የለም። ባሌ በልጅነቱ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ እንዳደረና የጨለማ ፍርሃቱ ከዚያ እንደጀመረው ተጽፏል። ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ ለኔ አልነገረኝም። እንዲያውም መብራቱ ካልጠፋለት እንቅልፍ አይወስደውም ነበር፤ ትንሿ የኮሪደር አምፑል እንኳ ትረብሸው ነበር። ምናልባት እኔን እንዳያስፈራኝ ብሎ በጨለማው ውስጥ በጨዋነት ሲፈራ አድሮ ይሆናል… ሰው መቼ ይታወቃል?

ደግሞ መመላለሱ። «በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል ከህልውና ጥያቄ ጋር ግብግብ ገጥሞ ነበር» ይላል። ወገቡን ያመው ነበር ልጄ። ሐኪሙ ብዙ አትቀመጥ፣ ተነሥ ተንቀሳቀስ ብሎታል። ቅባቱን ያመጣሁት እኔ፣ ያሸሁትም እኔ። ግን አሁን ሳስበው የወገብ ሕመምም ያው ከውስጥ ነው፤ ውጪ አይደለም ያለው። እውነታቸውን ነው።

ከሁሉ ልቤን የነካው ስለ መስኮቱ የተጻፈው ነው። ቁርሱን በልቶ መስኮቱ ጋ ይቆምና ዓይኖቹ ከአድማስ ማዶ የማይታየውን ይፈልጋሉ… እንዴት ያለ አጻጻፍ ነው። ተነሽ እስቲ እይው፣ ወንድም ጋሼ እግራቸውን ሰብሰብ ያደርጉልሻል። አድማስ አየሽ? የሚታየው የመንገዱ ማጠፊያ ነው፣ ጫማ ጠጋኙ ያለበት ጥግ። ባሌ ያይ የነበረው ያንን ጥግ ነው። በዚያ በኩል ብቅ የሚሉ አንድ ወዳጅ ነበሩን። «መጡ?» እለዋለሁ። «እስካሁን የሉም» ይለኛል፣ አስተማሪው የቀረለት ተማሪ መስሎ። ከዚያ እየተጣደፈ ወደ ጽሕፈት መኪናው ይሄዳል። ወረቀቱን ከማስገባቱ መጥሪያው ይጮሃል።

አይ ወንድም ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም። እርስዎ ሻይዎን ይጠጡ። የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው።

እና ይሄ ወዳጃችን… ስማቸውን ምን ያደርግልሻል፤ የሰው ስም በሐሜት ማንሳት ነውር ነው። እንደሳቸው ያለ ወዳጅ ግን በዚህ ዘመን የለም። ዘመድ እንኳ ቢበዛ በሳምንት አንዴ ቢጠይቅ ነው፤ እሳቸው በየጠዋቱ። ዝናብ ሲጥል ባሌ «ዛሬስ…» ብሎ ፊቱ ይበራል። እሳቸው ግን ጃንጥላ ነበራቸው። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት ይሆናል ይላሉ። የሳቸው ወርቅነት እስከ መጨረሻው አልደበዘዘም፤ የደበዘዝነው እኛ ነን።

«ለአምስት ደቂቃ ነው፣ አልረብሽህም፣ ሥራህን ቀጥል» ብለው ይገቡና ከኋላው ይቀመጣሉ። ሰው ከኋላሽ ተቀምጦ እየተነፈሰ ጽፈሽ ታውቂያለሽ? ትንሽ ይቆዩና ይነሣሉ፤ በትከሻው ላይ ጎንበስ ብለው መኪናው ላይ ያለውን ወረቀት ያነባሉ። ኧረ ይህቺ ዐረፍተ ነገር፣ ኧረ እንዲህ ያለ ተጽፎም አያውቅ እያሉ እጃቸውን ያጨበጭባሉ። እስቲ ንገሪኝ፣ አንቺ በዚህ ሥራ ያለሽ ሰው ነሽ፤ ከዚያ በኋላ ቀጣይዋን ዐረፍተ ነገር ማን ይጽፋል? ንጉሥ ነህ ከተባለ በኋላ ማን አካፋ ያነሣል?

ከዚያ ወሬ ነው። ያውም ተራ ወሬ አይደለም፣ ስለ ጥበብ ነው። አዘውትረው የሚያነሡት ስለ ደራሲ ብቸኝነት ነበር። ደራሲ ብቻውን ካልሆነ አንዳች ነገር አይወጣውም እያሉ እስከ ምሳ ያስረዱታል። ምሳ ቀርቦ ደግሞ እንግዳ ተነሥ አይባል። ይበሉልን ነበር፣ ደስ እያላቸው፤ ወጡ ላይ ጨው እንደጎደለ እንኳ እየነገሩኝ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ለባለቤቱ ብሎ ነው ወይስ በባለቤቱ ላይ? ይሄ ተረት ሁሌ ግራ ይገባኛል። ከምሳ በኋላ እሳቸው ደክሟቸው ወደ ቤታቸው፣ ባሌ ራሱን እያመመው ወደ አልጋ። እኔ ወደ ሥራ። ቀኑ አለቀ።

ስምንት ዓመት እንዲህ ሄደ። ጸሐፊያችን «የስምንት ዓመቱ ዝምታ» ብለው ለዚህ አንድ ሙሉ ክፍል ሰጥተዋል። ያን ብዕር ማን ነጠቀው ብለው ያልበረበሩት የለም። አባቱ ይሆኑ? ከፈጣሪው ተጣልቶ? በወጣትነቱ የከዳችው ልጅ? አንዳንዱ ሰው ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማል ይሉታል። ጸሐፊያችን እንደዚያ አይደሉም፤ ላሚቱ የዋለችበትን ግቢ ብቻ ትተው አገር ምድሩን ለቀሙት። መጨረሻ ላይ በታተመው የሰዎች ስም ዝርዝር ውስጥ ያንን ወዳጃችንን ፈለግኋቸው። በጣቴ እየተከተልኩ። የጥርስ ሐኪሙ አለ። ክራባት የሸጠለት ነጋዴ አለ። መጥሪያውን በየጠዋቱ የሚደውለው ሰው ግን የለም። የጥርስ ሐኪም ያስታወሰ ሰው ይሄን እንዴት ይረሳል ብዬ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ኋላ ገባኝ፣ ትሕትና ነው። ሰው ራሱን… ማለቴ ሰው ሰውን መደበቅ ሲችል፣ ሌላ ምን ይባላል?

ሻዩ በረደብዎት ወንድም ጋሼ? ላሙቀው? ይተዉት፣ ሳህኗ ላይ ያስቀምጧት፣ እጅዎ ደክሟል።

ውስጣዊ ትግል አልነበረበትም አልልሽም ልጄ። ነበረበት። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጠዋት ሲላጭ መስታወቱ ፊት ቆሞ «ዛሬ አይመቸኝም» እያለ ይለማመድ ነበር። አንዴ ኮስተር ብሎ፣ አንዴ ፈገግ ብሎ፣ አንዴ በሳል መሃል እንዳመለጠው አድርጎ። በልቦለዶቹ ውስጥ ስንት ጄኔራል ያንበረከከ ሰው። መጥሪያው ሲጮህ ግን የሳሙናው አረፋ ጆሮው ሥር እንዳለ ሄዶ ይከፍትና «ግባ ግባ፣ ስጠብቅህ ነበር» ይላል። ሰው ደጁ መጥቶ ተመለስ ማለት በአፉ አልፈጠረበትም። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ማንኪያውን ከድስቱ ጋር አጋጨው ነበር።

እሱም ቅዱስ አልነበረም፣ አልዋሽሽም። ምስጋና ይወድ ነበር። ያቺን ዐረፍተ ነገር እንዲህ አሏት ብሎ ማታ ደግሞ ለኔ ይነግረኛል፤ በማግሥቱ አሁንም ያቺኑ ዐረፍተ ነገር ያነብላቸዋል። ደካማ ነበር። እወደው ነበር። ያናድደኝ ነበር። ሦስቱም እውነት ነው፣ ግን መጽሐፉ ውስጥ አልገባም። ስድስት መቶ ገጽ ጠቦ ይሆናል።

እናም በሩን ቆለፍኩ። «ቁልፍ» የሚለውን ምዕራፍ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ አርመሽዋል። «አንዲት ቀዝቃዛ እጅ በየማለዳው ቁልፉን ታዞራለች» ይላል። እጄን ንኪው እስቲ፤ ቀዝቃዛ ነው? የሻዩ ብርጭቆ አሙቆት ይሆናል። ጠዋት ጠዋት በር እንድጠብቅ ብዬ ማንም የማይወደውን የከሰዓት ፈረቃ ለምኜ ያዝኩ። መጥሪያው ሲጮህ በሩን ሳልከፍት «የለም፣ ወጥቷል» እላለሁ። ከኋላዬ ደግሞ መኪናው ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ። ወዳጃችን ደጅ ቆመው ይሰሙታል፣ እኔም እንደሚሰሙት አውቃለሁ፤ ሁላችንም ጨዋ ሰዎች ስለሆንን ግን ማንም ምንም አይልም። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ሄዱልኝ። በኋላ አንድ ቀን መኪናው ዝም አለ። ቀጥሎ የባሌ ድምፅ ከውስጥ መጣ። «አለሁ፣ አለሁ!» አለ። ሰው ደጁ ቆሞ የለም መባሉን አንጀቱ አልቻለለትም። እኔ በገዛ ቤቴ ውሸታም ሆኜ ቁልፉን አዞርኩ፤ ምን አደርጋለሁ? «ለአምስት ደቂቃ ነው» ብለው ገቡ።

ይሄ በመጽሐፉ እንዴት አምሮ እንደወጣ። «ከተቆለፈው በር ጀርባ ታላቁ ሰው አለሁ፣ አለሁ እያለ ለዓለም ይጣራ ነበር።» ለዓለም… ደጅ የቆመው ዓለም ጃንጥላውን እያራገፈ ምንጣፌን ሲያረጥብ እኔ ነኝ ያየሁት።

እሺ፣ ይሄን ሁሉ ልስቅበት እችላለሁ። ሴት ልጄ ግን አነበበችው። የወለድኳትን ማለቴ ነው፣ በሩቅ ከተማ ነው የምትሠራው፤ ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስለምትሆን ይሄን ሁሉ አላየችም። ደወለችልኝ። «እማዬ፣ እውነት አባዬ ላይ ትቆልፊበት ነበር?» አለችኝ። እቆልፍ ነበር አልኳት። «አለሁ እያለ ይጣራ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሁለቱም እውነት ነው፤ ለልጄ ደግሞ አልዋሽም። ማን እንዳይገባ ነው ብላ ብትጠይቀኝ ያን ጊዜ እነግራት ነበር። አልጠየቀችኝም፤ መጽሐፉ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቷታላ። ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። ለቅዳሜ ትመጣለች አሉኝ፣ ከኔ አጠገብ ግን አትቀመጥም። ይሄ ያመኛል ልጄ። ሌላውን እያዋዛሁ ነው የምነግርሽ፣ ይሄን ግን ማዋዛት አልቻልኩም፤ ያመኛል።

በይ ተይው፣ ደስ የሚል ነገር እናንሣ። የመጨረሻውን ልቦለዱን ትወጂዋለሽ አይደል? ማን የማይወደው አለ። «የተአምር ወራት» ነው የምዕራፉ ርእስ። ስምንት ዓመት የደረቀ ብዕር አንድ ክረምት ላይ ዝም ብሎ ፈሰሰ። ጸሐፊያችን ምክንያቱን እዚህ ላይ አገኙት፤ የልብ ወዳጁ በጠና ታመው ነበርና ያ ሐዘን የነፍሱን ምንጭ ከፈተለት ይላሉ። አየሽ፣ ያ ወዳጅ እዚህ ጋ ስም ባይኖራቸውም ብቅ አሉ፤ ሲታመሙ ጊዜ።

መታመሙንስ ታመዋል። መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው እግራቸው ተሰብሮ እስከ ጭናቸው ጀሶ ታሰረላቸው። አምላክ ሳይደግስ አይጣላም አልኩ እኔ፤ ለሳቸው ማለቴ ነው፣ ከዚያ ሁሉ መመላለስ ዕረፍት አገኙ። ባሌ የመጀመሪያዎቹን ቀናት መስኮቱ ጋ ቆመ። ጥጉ ባዶ ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት መቆሙን ተወና ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ መኪናው አላረፈም፣ ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ። ወገቡ እንኳ ተሻለው። ምግብ ሲቀርብለት ማን እንዳቀረበለት አያይም፤ እኔ ግን እንደዚያ ክረምት ተከብሬ አላውቅም።

እኔም አልቀረሁም፣ ብርቱካን እየያዝኩ ወዳጃችንን እጠይቅ ነበር። «አይቸኩሉ፣ አጥንት በችኮላ አይጠገንም» እላቸዋለሁ። ሐኪሙንም ለብቻው ይዤ በደንብ ይታሰሩ፣ ቶሎ አይፍቱብን ብዬ ለምኜዋለሁ። ሰውየው አመሰገነኝ፤ እንዲህ ያለ ጠያቂ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። የታመመ ስጠይቅ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እግር ደግሞ ምን ይደረጋል፣ ይድናል። ባሌ ያንን ጨርሶ ሌላ ጀምሮ ነበር። ገና ጀማምሮት ሳለ መጥሪያው ጮኸ። ምርኩዝ ይዘው አራት ፎቅ ወጥተው መጡለት፤ ፍቅር ማለት ይሄ አይደል? ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ አልጻፈም። ያ ጅምር የት እንደደረሰ ብለሽ በስልክ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ወንድም ጋሼም ለሁለተኛው እትም ይፈልጉታል አልሽኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ነው፣ መኪናው ላይ እንደተሰካ። እዚያው ይቆያል። ባሌ ሲጽፍ ብዙ ሰው አንብቦበታል፤ አሁን ትንሽ ብቻውን ይሁን።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልሽ፣ ከዚያ አላደክምሽም። የመጨረሻው ምዕራፍ፣ ሆስፒታል። «የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለወዳጁ ሰጠ፤ ዓይኖቹ ያልተናገሩት ነገር ነበር» ይላል። ያልተናገሩትን እኔ ነኝ የሰማሁት። ጠዋት ነው። የእግር ኮቴ በኮሪደሩ ሲመጣ እጄን ያዘኝና «ዛሬ አይመቸኝም በይልኝ» አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን መስታወት ፊት ሲታገላት የኖረውን ቃል ያን ዕለት አወጣት። ኮራሁበት፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼበት አላውቅም። ወጣሁና በሩ ላይ ቆሜ፣ በትሕትና፣ ዛሬ አይመቸውም አልኳቸው። «ለአምስት ደቂቃ ነው» አሉኝ። በጎኔ አልፈው ገቡ። እኔ ነርሷን ልጠራ ሄድኩ። ስመለስ አምስቱ ደቂቃ አልቋል፤ ባሌም አልቋል። የኔ የነበረው አምስት ደቂቃ ነው እሱ። ስድስት መቶ ገጹን ሁሉ ይቅር ብዬ እሱን ግን አልቻልኩም።

ምነው ወንድም ጋሼ፣ ላብ አላበዎት? መስኮቱን ልክፈትልዎ?

እንግዲህ ቅዳሜን በተመለከተ፣ ልጄ፣ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ እናገራለሁም። አትስጊ፣ ምስጋና ብቻ ነው። ለሁለተኛው እትምም ቢሆን አንዲት ፊደል አታጥፊ። «ቁልፍ» የምትለዋም ምዕራፍ እንዳለች ትሁን። አንዲት መስመር ብቻ ትጨመርበት፤ በሩ የተቆለፈው ማን እንዳይገባ ነው? ስሙን እኔ አልነግርሽም፣ በሰው ስም መጫወት አልወድም። ጸሐፊያችን ያውቁታል፣ ከማንም በላይ ቅርባቸው ነው። ቅዳሜ መድረክ ላይ ሲወጡ፣ ልጄ በተቀመጠችበት፣ በገዛ አፋቸው ቢጠሩት ለኔ ትልቅ ውለታ ነው። ካልታወሳቸውም አይጨነቁ። እኔ ሁለት ቃል እንድናገር ተጋብዤ የለ? ስሙ ደግሞ ሁለት ቃል ነው፤ የራሱና የአባቱ።

ተነሣችሁ እንዴ? ምሳ ሳትቀምሱ? ወንድም ጋሼ ከዚህ ቤት ምሳ ሳይበሉ ሲወጡ ይሄ የመጀመሪያዎ ነው፤ ጨው እንኳ አስተካክዬ ነበር። ይሁን፣ ሥራ ይኖርብዎታል። ይቺ ልጅ በስልክ ነግራኛለች፤ እርስዎም በዚህ ዕድሜዎ የራስዎን ልቦለድ ጀምረዋል አሉ፣ ስንት ዓመት ሲመኙት የኖሩትን። እንዴት ደስ አለኝ መሰልዎ። ቆይ፣ ልመርቅዎ፣ ምርቃት ሳይቀበሉ አይወጡም። ብዕርዎን ይባርክልዎ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ጠዋትዎን ብሩህ ያድርግልዎ። ደግሞም ከልቡ የሚወድዎ፣ በሥራዎ የሚደሰት፣ ዝናብ ጣለ ብሎ አንድ ቀን እንኳ የማይቀር ወዳጅ ደጅዎ ድረስ ያምጣልዎ። ዕድሜዎን ሙሉ አይለይዎ… ሲሞቱም እሱው ይጻፍዎ።

አሜን ይበሉ እንጂ።